መነጽር ሠሪዎች በሥራቸው የሚጸኑበት ምክንያት

ሰው ወደ አንድ ሥራ የሚገባበት ምክንያትና በዚያው ሥራ ጸንቶ የሚኖርበት ምክንያት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ዕድል ይወስነዋል፤ አንዱ የአባቱን ሥራ ወርሶ፣ ሌላው ጎረቤት የከፈተለትን በር አይቶ፣ ሌላው ደግሞ የፈለገውን ቢያጣ ያገኘውን ይዞ ይጀምራል። ሁለተኛውን ግን ዕድል አይወስነውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንዱን በር ከፍቶ በአንዱ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ለመቀመጡ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም፤ ምክንያቱንም በቃል ሊያስረዳ ባይችል እንኳ በአሠራሩ ያሳየዋል።

ይህን ነገር እንድናስብበት ያደረገን የራሳችን ሥራ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ጨርሰን የመንግሥት ሥራ ከያዝን ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ከዚህም ውስጥ የሚበዛውን ጊዜ ያሳለፍነው የንግድ ፈቃድ በሚታደስበት ክፍል ነው። የበጀት ዓመቱ በሐምሌ ወር በተለወጠ ቍጥር ነጋዴው ፈቃዱን ለማሳደስ ይመጣል። ስለዚህ ማን እንደ ሰነበተ፣ ማን ዘርፉን እንደ ለወጠ፣ ማንስ ሱቁን ዘግቶ እንደ ሄደ ከመዝገባችን ላይ እናያለን። ዘንድሮ ልብስ የሚሸጠው ለከርሞ ስልክ ይሸጣል፤ ምግብ ቤት የነበረው የግንባታ ዕቃ መደብር ይሆናል። ይህ የንግድ ጠባይ ስለ ሆነ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ስማቸውም ዘርፋቸውም ሳይለወጥ በየዓመቱ ከሚመለሱት ጥቂቶች መካከል መነጽር ሠሪዎች እንዳሉበት ልብ አልን። በዚያው ወራት እኛም የመንግሥት ሥራችንን ለቀን ከአንድ ዘመዳችን ጋር ለመነገድ እናስብ ነበርና «እነዚህ ሰዎች ስለ ምን አይለቁም?» የሚለው ጥያቄ ለወሬ ያህል የተነሣ አልነበረም፤ ለራሳችን ጉዳይ መልስ የምንፈልግበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ሲያፈጥ የዋለው ዓይናችን ደክሞ መነጽር ያሠራነውም በዚያን ጊዜ ስለ ነበረ፣ ለመጠየቅ ምቹ አጋጣሚ አገኘን።

አስቀድመን መነጽር ሠሪ ስንል ማንን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጥ፤ ብዙ ሰው ሦስቱን ሙያዎች አንድ አድርጎ ያያቸዋልና። የዓይን ሐኪም በሽታን የሚመረምር፣ መድኃኒት የሚያዝ፣ የዓይን ሞራ የሚገፍፍ ነው። ኦፕቶሜትሪስት የሚባለው የዕይታን መጠን መርምሮ ምን ዓይነት መነጽር እንደሚያስፈልግ በቍጥር ጽፎ የሚሰጥ ነው፤ በአገራችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል። ሦስተኛው ኦፕቲሺያን ወይም መነጽር ሠሪ ነው። እርሱም የተጻፈውን ቍጥር ተቀብሎ በመስተዋትና በፍሬም ገልጦ በሰውየው ፊት ላይ የሚያኖር ነው። በትንንሽ ቤቶች ሁለተኛውና ሦስተኛው ሥራ በአንድ ሰው እጅ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

ይህ ሦስተኛው ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። በማዘዣው ወረቀት ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ያለበት ቍጥር ተጽፏል። የመቀነስ ምልክት ያለው ሩቁን አጥርቶ ለማያይ ሰው ነው፤ የመደመር ምልክት ያለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅርቡን ለማንበብ ለሚቸገር ነው። መለኪያው ዳዮፕተር ይባላል። አንድ ዳዮፕተር ማለት ከሩቅ የመጣውን ብርሃን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ የሚሰበስብ መስተዋት ኃይል ነው፤ ሁለት ቢሆን በግማሽ ሜትር፣ አራት ቢሆን በሩብ ሜትር ላይ ይሰበስባል። የዓይኑ ገጽ እንደ ኳስ በሁሉም ወገን እኩል መጕበጡ ቀርቶ እንደ እንቍላል በአንድ ወገን የበለጠ የጐበጠ ከሆነ ሲሊንደር የሚባል ሌላ ኃይል ይታዘዛል፤ የሚቀመጥበትም ማዕዘን ከ1 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ውስጥ ተለይቶ ይጻፋል።

መነጽር ሠሪው ይህን ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ትቶ ፊት ያያል። ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው ብሌን ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለካል፤ በአዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ54 እስከ 74 ሚሊሜትር ይሆናል። የመስተዋቱ ማዕከል በብሌኑ ትክክል መዋል አለበት። ኃይሉ 4 ዳዮፕተር የሆነ መስተዋት ከቦታው 5 ሚሊሜትር ቢዛነፍ፣ በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ከመንገዱ ይወጣል። ሁለቱ ዓይኖች ይህን ለማቃናት ሲታገሉ ይውላሉ፤ ባለ መነጽሩም ማታ ራሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሕመሙ ከምን እንደ መጣበት ግን አያውቅም። እንደዚሁም ሲሊንደሩ ከታዘዘለት ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢዞር የሚቀረው ጕድለት መጀመሪያ ከነበረው አያንስም፤ ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ አንዱን ብዥታ በሌላ ብዥታ ለወጠ ማለት ነው። ልኩ ከተገኘ በኋላ መስተዋቱን በፍሬሙ ቅርጽ መጠን ውሃ እያጠጡ መሞረድ፣ ፍሬሙን አሙቆ ከጆሮና ከአፍንጫ ጋር ማስማማት ይቀራል። ከውጭ አገር የሚመጣው ፍሬም ለሌላ ሕዝብ ፊት ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለእኛ ሰው አፍንጫ የሚስማማው ከብዙ መታረም በኋላ እንደ ሆነ አንድ ባለሙያ ነግረውናል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከል «ከልጅነቴ ጀምሮ መነጽር ሠሪ ለመሆን እመኝ ነበር» ያለን አንድም የለም። ልጅ ሐኪም፣ መምህር ወይም አውሮፕላን ነጂ ለመሆን ይመኛል፤ መነጽር ሠሪ ለመሆን ሲመኝ ግን ሰምተን አናውቅም። ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ አንድ አዛውንት በልጅነታቸው ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተላላኪ ሆነው ገቡ፤ ሰዓት ሠሪው የተሰበረ መነጽርም ይጠግን ስለ ነበረ፣ ትንንሿን ብሎን በትንሿ መፍቻ መፍታት እዚያ ተማሩ። አንዲት ወይዘሮ ሐኪም ለመሆን ፈልገው ነጥቡ ስላልመጣላቸው፣ ከሕክምና ሳይርቁ የሚሠራ ሥራ ምን አለ ብለው ጠይቀው ወደዚህ መጡ። ሦስተኛው ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን፣ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ለክረምት ያህል እንዲያግዝ ተጠርቶ በዚያው ቀረ። እንግዲህ አንዱን እጁ፣ አንዷን ትምህርቷ፣ አንዱን ዘመዱ አምጥቶታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት በአገራችን ታሪክ ውስጥ ልዩ ግምት የሚገባው ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሥራቸው ምክንያት ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ የተማረ ሰው እጁን ሊያቈሽሽ አይገባውም የሚለው አስተሳሰብ ከልባችን ጨርሶ አልወጣም። እኛ ራሳችን ከትምህርት ቤት ስንወጣ ብዕርና ጠረጴዛ እንጂ ሞረድና መፍቻ በሐሳባችን አልመጣም ነበር። በሌላው ዓለም ግን የእጅ ሥራና ትምህርት በአንድ ሰው ላይ ሲዋሐዱ ታይቷል። በ17ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር የኖረው ፈላስፋ ስፒኖዛ መስተዋት እየሞረደ የሚያድር ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1673 ከሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርነት ወንበር ሲቀርብለት፣ የማሰብ ነጻነቴ ይነካብኛል ብሎ አልቀበልም አለ፤ ከአራት ዓመት በኋላም በ44 ዓመቱ ዐረፈ። ወንበሩን የተወው ለመስተዋት ፍቅር ሲል ነው ለማለት አንደፍርም፤ ነገር ግን በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ለማንም ሳይጐነበስ ለማሰብ እንደሚችል ምስክር ነው።

ስለ መጽናት ስንጠይቅ በመጀመሪያ የሰማናቸው መልሶች ከእንጀራ ያልራቁ ናቸው፤ እነሱንም ልንንቃቸው አይገባም። መሞረጃው ማሽንና መመርመሪያው መሣሪያ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ናቸው፤ ለሌላ ንግድ አይውሉም፤ እንሽጣቸው ቢሉም ገዢው ጥቂት ነው። ሥራው ሙያ ስለሚጠይቅ ማንም ተነሥቶ በማግሥቱ አይከፍተውም። የሌሊት ተራ የለበትም፤ ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን ልጆቻቸውን በወግ ያሳደጉት በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና ችግሩም ከጥቅሙ የሚያንስ አይደለም። መስተዋቱም ፍሬሙም ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ የውጭ ምንዛሪ ባጠረ ቍጥር ሥራው ይቆማል። በመንገድ ዳር በጥቂት ብር የሚሸጠው ዝግጁ መነጽር ገበያውን ይሻማል። ይህም ዝግጁ መነጽር ሁለት ዓይኑ እኩል ለሆነና በዕድሜ ምክንያት ብቻ ንባብ ለተቸገረ ሰው ሊያገለግል ይችላል፤ ሁለቱ ዓይኖቹ ለሚለያዩ ወይም ሲሊንደር ለሚያስፈልገው ግን አይሆንም፤ ይህን ለደንበኛ ሲያስረዱት «ሱቅህን ለማሻሻጥ ነው» ይባላል። እንግዲህ በእንጀራው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ ከዚህ የቀለለ ሥራ ባላጡ ነበር።

ወጣቱ ይህንን በተግባር አይቶታል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ስልክ ሻጭ አሁን ከሚያገኘው ደመወዝ እጥፍ እከፍልሃለሁ ቢለው ከአጎቱ ሱቅ ወጥቶ ሄደ። በአራተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ስለ ምን እንደ ተመለሰ ብንጠይቀው ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ ስልክ የገዛ ሰው ተመልሶ የሚመጣው ሲበላሽበት ነው፤ የሚመጣውም ተቈጥቶ ነው። መነጽር የወሰደ ሰው ግን ከዓመት በኋላ ልጁን ይዞ ይመጣል» አለን። ይህን ሲናገር ሊያራቅቀው አልሞከረም፤ እኛ ግን ይህ መልስ ብዙ ቀን ከልባችን አልወጣም።

ሰው ልጁን ይዞ የሚመለሰው ስላመነ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ እምነት ከሌላው ንግድ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ልብስ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ዳስሶ፣ ጤፍ የሚገዛም ዘግኖ አይቶ ይገዛል፤ መነጽር የሚገዛ ሰው ግን የሚገዛውን ነገር የሚመረምርበት ዓይኑ ራሱ የደከመ ነው። ሻጩ ውዱን ፍሬም ሊያስወስደው፣ የማያስፈልገውን ቅብ ሊያስቀባው፣ 3 ሚሊሜትር የተዛነፈውንም «ይለምዱታል» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ደንበኛው ይህን የሚለይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ መነጽር ሠሪ ሲያታልል ዳኛ የለበትም፤ ሳያታልልም የሚያመሰግነው የለም።

ሙያው ገና ሲወለድ ጀምሮ ይህ ነገር ያሳሰበ መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። የዓይን መነጽር በሰሜናዊ ኢጣልያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1286 ገደማ ነው። ጆርዳኖ ዳ ፒሳ የተባለ መነኵሴ እ.ኤ.አ. በ1306 በፍሎሬንስ ከተማ ሲሰብክ፣ ይህ ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላውና መጀመሪያ የሠራውን ሰው በዓይኑ አይቶ እንዳነጋገረው ተናግሯል። ከዚያ ስብከት በፊት እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1300 የቬኒስ ባለ እጆች ማኅበር ተራውን ብርጭቆ ንጹሕ ክሪስታል ነው ብሎ መሸጥን ከልክሎ ነበር፤ በማግሥቱም ዓመት ለንባብ የሚሆን የብርጭቆ መነጽር የሚሠራ ሰው ብርጭቆውን ብርጭቆ ብሎ ሊሸጥ እንዲምል ተደነገገ። በእንግሊዝ አገርም የመነጽር ሠሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1629 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ የመብት ደብዳቤ አገኘ። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1671 መስተዋታቸውም ፍሬማቸውም መጥፎ ሆኖ የተገኘ 22 ደርዘን፣ ማለት 264 መነጽሮች በፍርድ አስይዞ፣ የለንደን ድንጋይ በሚባለው ታዋቂ ድንጋይ ላይ በአደባባይ በመዶሻ አስከሰከሳቸው። ለእኛ የሚያስደንቀን የመዶሻው ድምፅ አይደለም፤ መጥፎውን የለዩት ራሳቸው መነጽር ሠሪዎቹ መሆናቸው ነው። ገዢው ሊለየው እንደማይችል ያውቁ ነበርና።

አዛውንቱን ስለዚህ ነገር ጠየቅናቸው። «ጋሼ፣ ማንም የማያይብዎትን ስሕተት ስለ ምን ያርማሉ?» አልናቸው። ሳቅ ብለው «ልጄ፣ እርሱ ባያየው እኔ አየዋለሁ» አሉን። ከዚያም መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ያጠናቀቁትን መነጽር አወጡና በመለኪያው መሣሪያ ሥር አኖሩት፤ ማዕዘኑ ሁለት ዲግሪ ያህል ስለ ዞረ በማግሥቱ ሊያስተካክሉት ያቆዩት ነበር። ባለቤቱ ከዚያ ቀን በፊት ሊወስደው መጥቶ «አልደረሰም» ተብሎ ተመልሷል። አዛውንቱ ለዚህ የሚጨምር ዋጋ አላስከፈሉትም፤ ምክንያቱንም አልነገሩትም።

ይሁን እንጂ ሰው በኅሊናው ብቻ ሠላሳ ዓመት አይጸናም፤ ኅሊናን የሚያጠግብ አንድ ነገር ሊኖር ይገባል። ያንን ነገር ያየነው በአዛውንቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ነው። አንዲት እናት በልጃቸው ተመርተው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡና «ምስር ስለቅም ጠጠሩ እያመለጠኝ ምራቴ ተቸገረች» አሉ። አዛውንቱ ፊደል ለማያውቅ ሰው የሚሆነውን ሰሌዳ አሳዩአቸው፤ እርሱም ሦስት ጣት ያለው ምልክት ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞረ የተጻፈበት ነው፤ ተመርማሪው ጣቶቹ ወዴት እንደሚያመለክቱ በእጁ ያሳያል። ሩቁን ደኅና አዩት። ከዚያ አዛውንቱ መስተዋቱን ካስተካከሉ በኋላ ከመሳቢያቸው መርፌና ጥቁር ክር አውጥተው «እስኪ እማማ፣ ይህን ያስገቡልኝ» አሏቸው። እኒያ እናት ክሩን በምራቃቸው አርሰው፣ ጫፉን በጣታቸው አሹለው፣ በመጀመሪያው ሙከራ አስገቡት። ጥቂት ጊዜ መርፌውን ይዘው ዝም አሉ። ከዚያም «እጅህን ቁርጥማት አይንካው ልጄ፤ ዓይኔን መለስክልኝ» ብለው መረቋቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው «ልጄ» ተብለው ሲመረቁ እንደ ሕፃን ፊታቸው ሲበራ አየን። «ይህ በቀን ስንት ጊዜ ይሆናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «በየቀኑ አይሆንም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ ይበቃል» አሉን።

እንደ እኛ አስተያየት የጥያቄያችን መልስ ይህ ነው። መነጽር ሠሪ በሥራው የሚጸናው የሠራውን ሥራ ፍሬ በዚያው ሰዓት በሰው ፊት ላይ ስለሚያይ ነው። ገበሬ ፍሬውን ለማየት ወራት ይጠብቃል፤ መምህር ዓመታት ይጠብቃል፤ ሐኪም እንኳ በሽተኛው ድኖ ይሁን ሳይድን ሳያውቅ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ወይዘሮዋ «ሐኪም ብሆን ኖሮ ብዙ ኀዘን አይ ነበር፤ እዚህ ግን ጨልሞበት የገባ ሰው በርቶለት ሲወጣ አያለሁ» ያሉን ይህንኑ ማለታቸው ነው። ከዚህም ጋር ሌላ ነገር አለ። ጥሩ መነጽር ከሳምንት በኋላ ይረሳል፤ ሰውየው በመነጽሩ ውስጥ ዓለምን እንጂ መነጽሩን አያይም፤ የሠራለትን ሰው ስምም ይረሳል። ሥራው የሚታየው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ብቻ ነው። መነጽር ሠሪው ያችን ደቂቃ ለመያዝ ሲል ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ወደ ራሳችን ጉዳይ ብንመለስ፣ የመንግሥት ሠራተኛን ብዙ ጊዜ የሚያደክመው የሥራው ብዛት ሳይሆን ፍሬው ከዓይኑ መሰወሩ ነው። እኛ የምናድሰው ፈቃድ ማንን እንደ ጠቀመ አናይም፤ የጎደለ ሰነድ ያለበትን «ያሟሉ» ብለን ስንመልሰው ተመልሶ መጥቶ ይሁን ደክሞት ቀርቶ አናውቅም። ሥራ ልንለቅ ያሰብነውም፣ ነገሩን በሚገባ ስናጤነው፣ ለገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ከዘመዳችን ጋር የጀመርነውን ምክር ለጊዜው አቆይተን፣ በራሳችን ወንበር ላይ አንድ ነገር እንሞክር አልን። ዛሬ ማመልከቻው አብዛኛውን በኮምፒዩተር የሚመጣ ቢሆንም፣ የጎደለውን ከመጻፋችን በፊት ባለጉዳዩን በስልክ ወይም በአካል አግኝተን በቃል ማስረዳት ጀመርን። ሥራው ትንሽ ረዘመ። ነገር ግን ባለጉዳዩ «ለካ ይህ ብቻ ነው!» ሲል እንሰማለን። ይህች ቃል የእኛ መርፌና ክር ሆነችልን ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እስከ ዛሬም በዚያው ወንበር ላይ አለን።

ነገሩ በመነጽር ሠሪዎች ደስታ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ አገርንም የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታወቀው ብሔራዊ የዓይን ጤና ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ዕይታቸው ከደከመው ውስጥ ከመቶው 33ቱ ያህል የደረሰባቸው ችግር በመነጽር ሊቃና የሚችል ነበር። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ቢላዋም መድኃኒትም ሳይሆን ሁለት መስተዋትና አንድ ፍሬም፣ እነሱንም በልክ የሚያስማማ እጅ ነበር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ2.2 ቢሊዮን የማያንስ ሰው የዕይታ ችግር እንዳለበት፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ የ1 ቢሊዮኑ ሰው ችግር ሊከላከሉት ይቻል የነበረ ወይም ገና መፍትሔ ያላገኘ መሆኑን ገልጧል።

ዕይታ ሲቃና ምን እንደሚገኝ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት በሕንድ አገር በአሳም ግዛት ሻይ የሚለቅሙ፣ ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆነ 751 ሠራተኞችን በሁለት ወገን ከፍሎ ተመልክቷል። ለአንደኛው ወገን የቅርብ መነጽር ወዲያው ሲሰጠው ለሁለተኛው ጥናቱ እስኪያልቅ ቈየ። መነጽር ያገኙት ሰዎች በቀን የሚለቅሙት ቅጠል ካላገኙት ሰዎች ጭማሪ በ21.7 በመቶ በልጦ ተገኘ። ቅጠል በመልቀም እንዲህ ከሆነ፣ ቡና ለቃሚው፣ ሸማኔው፣ ልብስ ሰፊው፣ መጽሐፍ ገልጦ የሚቀድሰው ካህን፣ ምስር የምትለቅመው እናት ምን ያህል ያገኙ ይሆን? ከአርባ ዓመት በኋላ የዓይን ቅርብ የማየት ኃይል የሚደክመው በሁሉም ሰው ላይ ነውና ይህ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡ መምህራን ከክፍላችሁ ውስጥ ወደ ሰሌዳው ሲያይ ዓይኑን የሚያጠብ፣ ከጎረቤቱ ደብተር ላይ የሚገለብጥ ልጅ ቢኖር፣ ሰነፍ ነው ከማለታችሁ አስቀድሞ ዕይታው እንዲመረመር ለወላጆቹ ንገሩ። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሳችሁ ወዴት እንሂድ የምትሉ ተማሪዎች ደግሞ፣ የሐኪምነት ነጥብ ባይመጣላችሁ የሕክምና በር ሁሉ ተዘጋ ብላችሁ አትዘኑ። በአንድ በኩል ሒሳብና ፊዚክስ፣ በሌላ በኩል ብልህ እጅ፣ በሦስተኛውም ታማኝ ልብ የሚጠይቅ ሥራ አለ። የሚያበለጽግ ነው ብለን አንዋሻችሁም፤ በየዓመቱ ፈቃዳቸውን ለማሳደስ የሚመጡት መነጽር ሠሪዎች ባለጠጎች አይደሉም። ነገር ግን «በዚህ ዘርፍ ይቀጥላሉ ወይስ ይለውጣሉ?» ተብለው ሲጠየቁ ለመመለስ ጥቂት እንኳ ሲያስቡ አላየናቸውም።